ሄድፎኑ ይቅደም ወይስ አምፕሊፋየሩ? ለደብረ ሲናው ጠያቂ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደብረ ሲና ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝና ማታ ከዘጋሁ በኋላ በዴስክቶፑ ሙዚቃ እሰማለሁ፤ አብዛኛው የድሮ ዘፈን፣ ክራርና በገና ነው። ደህና ሄድፎን ልግዛ ብዬ ሳማክር አንዱ ጓደኛዬ ‹ባለ 250 ኦሙን ግዛ፣ ግን ያለ አምፕሊፋየር ዋጋ የለውም› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹አምፕሊፋየሩን ብቻ ግዛ፣ ያለህ ሄድፎን ያኔ ይገለጥልሃል› ይላል። አሁን ያለኝ ሄድፎን ማውሱን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ዝዝዝ ይላል። ሰፈራችን ያለ ቴክኒሻን ከአሮጌ የስፒከር አምፕ ላይ የሄድፎን ጃክ አወጣልሃለሁ ብሎኛል። ለሁለቱም የሚበቃ ብር የለኝም። ከየቱ ልጀምር?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ከሄድፎኑ ጀምር። የቴክኒሻኑን ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ተወው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ ከኪሴ ከፍዬበታለሁ።

በኛ አገር አምፕሊፋየር ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሞንታርቦ ነው። የሠርግ ድንኳን፣ የሰልፍ መኪና፣ ማዶ ተራራ ላይ ደርሶ የሚመለስ ድምፅ። ስለዚህ አምፕ ሲጨመር ጥራት የሚጨመር ይመስለናል። ሄድፎን ግን አዳራሽ መሙላት አይጠበቅበትም፤ በጆሮህና በስፖንጁ መካከል ያለችውን እፍኝ የማትሞላ አየር ካንቀሳቀሰ በቃው። ሞንታርቦ በመቶዎች በሚቆጠር ዋት ሲሠራ የሄድፎን ሒሳብ በሚሊዋት ነው፤ ሚሊዋት ማለት የአንድ ዋት ሺህኛ ማለት ነው። ሁለቱ ጓደኞችህ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከሁለተኛው ይልቅ የመጀመሪያው ለእውነት ትንሽ ይቀርባል።

ከሁሉ በፊት ግን ያንን ዝዝዝ እናጥፋው፤ ምክንያቱም እሱ ሳይጠፋ የምትገዛው ነገር ሁሉ የሚያሰማህ እሱኑ ነው። ማጉያ ያገኘውን ነው የሚያጎላው። በገናውንም ዝዝታውንም እኩል ያነሳልሃል።

ማውስ ሲንቀሳቀስ የሚመጣ ድምፅ የሄድፎንህ ጥፋት አይደለም፤ የኮምፒውተሩ ነው። በሳጥኑ ፊት ለፊት ያለው ጃክ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በቀጭን ሽቦ ነው። ያ ሽቦ በሳጥኑ ሆድ ውስጥ በፓወር ሳፕላዩ፣ በፋኑና በሃርድ ዲስኩ አጠገብ ሲያልፍ የሁሉንም ሁካታ እየለቀመ ጆሮህ ድረስ ያመጣዋል። ስለዚህ ሄድፎንህን ከኋላ ባለው አረንጓዴ ቀዳዳ ላይ ሰክተህ ሞክር። ገንዘብ አይጠይቅም፤ እኔ ዘንድ «ሳውንድ ካርዱ ተበላሽቷል» ተብሎ ከመጣው ኮምፒውተር ብዙው በዚህ ተፈትቶ ተመልሷል። ካልጠፋ ወደ ዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ግባና ማይክሮፎኑና «ላይን ኢን» የሚባለው መስመር በስፒከሩ በኩል እንዳይሰሙ ዝጋቸው። ማንም ያልሰካበት የማይክ መስመር ክፍት ሆኖ ሲቀር የሳጥኑን ጫጫታ እየሳበ ያስገባል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የኮምፒውተሩን ብረት በእጅህ ጀርባ ስትዳስሰው ንዝር ያደርግሃል? ካደረገህ ሶኬትህ ላይ ሦስተኛው ቀዳዳ አለ እንጂ ከጀርባው የኧርዝ ሽቦ አልተያያዘም ማለት ነው። በፓወር ሳፕላዩ መግቢያ ላይ ያሉት ማጣሪያ ካፓሲተሮች ከ220 ቮልቱ የሚያመልጠውን ትንሽ ከረንት ወደ መሬት እንዲሸኙ የተሠሩ ናቸው፤ መሬት ሲያጡ ሳጥኑ ላይ ያስቀሩታል። ይህን ለሙዚቃው ስትል ሳይሆን ለራስህና የፎቶ ኮፒ ማሽንህን ለሚደገፉ ደንበኞችህ ስትል ኤሌክትሪሻን ጠርተህ አሠራ። ሄድፎን መግዣውን አንድ ወር ያዘገይብህ ይሆናል፤ ያዘግየው።

አሁን ወደ ኦሙ እንምጣ። ኦም ማለት የሄድፎኑ ሽቦ ከረንቱን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካበት ቁጥር ነው፤ 250 ኦም የጥራት ደረጃ አይደለም። ቤየርዳይናሚክ የተባለው ሄድፎን ሠሪ ዲቲ 770 ፕሮ የሚባለውን አንዱን ሞዴል በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም አድርጎ ይሸጣል። ልዩነቱ በውስጡ ያለው የመዳብ ጥምጥም ነው፤ ሽቦው እየቀጠነ ዙሩ እየበዛ ሲሄድ ኦሙ ይጨምራል። ትልቅ ኦም ያለው ሄድፎን ቮልት ይፈልጋል፤ ትንሽ ኦም ያለው ከረንት ይፈልጋል። ከኦሙ እኩል ማየት ያለብህ፣ በካርቶኑ ላይ ግን ማንም የማያነበው ሁለተኛ ቁጥር አለ፤ በ1 ሚሊዋት ስንት ዴሲቤል ይሰጣል የሚለው፤ ዴሲቤል የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው።

ሒሳቡ እንደ ሱቅ ሒሳብ ቀላል ነው። ቮልቱን በራሱ አባዛና ለኦሙ አካፍል፤ ዋት ይወጣል። ዋቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ 3 ዴሲቤል ይጨምራል፤ አሥር እጥፍ ሲሆን 10 ይጨምራል፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ጆሯችን «በእጥፍ ጮኸ» ይላል። የተለመደ የኮምፒውተር ጃክ ቮልዩሙ ጥግ ሲደርስ 1 ቮልት ገደማ ያወጣል እንበል። ባለ 250 ኦሙ ዲቲ 770 በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል ነው። 1 ቮልት ሲሰጡት የሚደርሰው 4 ሚሊዋት ነው፤ ሁለት ጊዜ እጥፍ ማለት ስለሆነ 6 ጨምርበትና 102 ዴሲቤል። የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም50ኤክስ ደግሞ 38 ኦም ሆኖ በ1 ሚሊዋት 99 ዴሲቤል ነው። ያው 1 ቮልት እሱ ላይ 26 ሚሊዋት ስለሚሆን 113 ይደርሳል።

እዚህ ድረስ የጓደኛህ አባባል ያስኬዳል፤ ትልቅ ኦም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ። አሁን ግን የኤኬጂን ኬ240 ስቱዲዮ አምጣ። ኦሙ 55 ብቻ ነው። ጓደኛህ ቢጠየቅ «እሱማ አምፕ አይፈልግም» ይል ነበር። በ1 ሚሊዋት የሚሰጠው ግን 91 ዴሲቤል ስለሆነ በ1 ቮልት ከ104 አያልፍም፤ ከባለ 250 ኦሙ ጋር ትከሻ ለትከሻ ማለት ነው። ኦሙን ብቻ አይቶ አምፕ ያስፈልጋል አያስፈልግም ማለት የበሬውን ቀንድ አይቶ ጉልበቱን እንደ መገመት ነው።

102 ዴሲቤል ያንስሃል ወይ? አብዛኛው ሰው ዘፈን ሲሰማ አማካዩ ከ75 እስከ 80 ዴሲቤል ባለው ውስጥ ነው፤ ከበሮው ወይም ድምፃዊው ሲነሳ ከአማካዩ 10፣ 15፣ አንዳንዴ 20 ዴሲቤል ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ ዛሬ ድምፁ ተጠቅጥቆ ለሚለቀቅ ዘፈን 102 ከበቂ በላይ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ ማይኩ ርቆ፣ ዝቅ ብሎ የተቀዳ በገና ላይ ግን ቮልዩሙ ጥግ ደርሶም «ትንሽ ቢጨምር» ማለትህ አይቀርም። ያኔ 2 ቮልት የሚያወጣ አምፕ ብትገዛ የሚጨምርልህ 6 ዴሲቤል ነው። ጥሩ 6 ዴሲቤል ነው፤ ግን 6 ዴሲቤል ብቻ ነው። የድምፁን መልክ አይለውጠውም። ድምፁን የሚለውጠው ሄድፎኑ ራሱ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ሄድፎኖች በቤዝና በትሬብል በኩል በ10 ዴሲቤል ሲለያዩ ማየት ብርቅ አይደለም፤ በደንብ የተሠሩ ሁለት አምፖች ግን በአንድ ቮልዩም ላይ ሆነው በጆሮ አይለዩም። ብርህን ወደ ሄድፎኑ የምገፋው ለዚህ ነው።

አምፕ የድምፅ መልክ የሚነካበት አንድ መንገድ አለ፤ እሱን ሳልነግርህ ባልፍ ጎደሎ ይሆናል። እያንዳንዱ ጃክ የራሱ የውስጥ ኦም አለው። ይህ ኦም ከሄድፎኑ ጋር ሲተያይ ትንሽ መሆን አለበት፤ የባለሙያው ልማድ ከሄድፎኑ ኦም ስምንተኛ እጅ አይብለጥ የሚል ነው። ለ38 ኦም ሄድፎን ከ5 ኦም በታች ማለት ነው። ምክንያቱ የሄድፎን ኦም በሁሉም ድምፅ ላይ አንድ አለመሆኑ ነው። የዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ወረቀቱ ላይ 300 ኦም ይላል፤ በቤዙ በኩል 100 ኸርዝ አካባቢ ግን ከ500 በላይ ይወጣል። የጃኩ የውስጥ ኦም ትልቅ ከሆነ ቮልቱ ኦሙ ወደ ተቆለለበት ያደላል፤ ቤዙ ያብጣል፣ ይንቦጫረቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አይኢሲ 61938 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሄድፎን መውጫ 120 ኦም እንዲሆን ይመክር ነበር፤ አሮጌ ዴክና ሪሲቨር ላይ ባለ 250 እና ባለ 300 ኦሙ ሄድፎን ጥሩ ሲሰማ ባለ 32ቱ የተዘበራረቀ የሚመስለው በዚህ የተነሳ ነው።

ያንተን ኮምፒውተር የውስጥ ኦም በግምት ከማውራት ለካው። ቴክኒሻንህ መልቲሜትር አለው፤ ከሱ ጋር ቁጭ በሉ። የ50 ኸርዝ ነጠላ ድምፅ ያለበት ፋይል አጫውት፤ ርካሽ መልቲሜትር በዚህ ድምፅ ላይ አይዋሽም። ጃኩ ላይ ምንም ሳይሰካ በኤሲ ቮልት መለኪያው በአንዱ ጆሮ መስመርና በመሬቱ መካከል ያለውን ለካ። ከዚያ በነዚሁ ሁለት ነጥቦች ላይ 33 ኦም ሬዚስተር አስገብተህ ቮልዩሙን ሳትነካ እንደገና ለካ። መጀመሪያ 1 ቮልት ብሎህ፣ ሬዚስተሩ ሲገባ 0.75 ካለህ የውስጡ ኦም 11 ነው፤ ወደ 0.5 ከወረደ 33 ነው፤ ምንም ያህል ካልተነቃነቀ ደግሞ ጃክህ ጎበዝ ነው። (ቀመሩን ለሚፈልግ፦ የመጀመሪያውን ቮልት ለሁለተኛው አካፍል፣ 1 ቀንስ፣ በ33 አባዛ።) ሄድፎንህ በዚህ ጊዜ ጆሮህ ላይም ጃኩ ላይም አይኑር።

የአሮጌው ስፒከር አምፕ ነገር እነሆ። ለ8 ኦም ስፒከር 20 ዋት የሚሰጥ አምፕ መውጫው ላይ 12.6 ቮልት ገደማ አለ ማለት ነው። ያንን በቀጥታ 38 ኦም ሄድፎን ላይ ብታፈሰው ከ4 ዋት በላይ ይሆናል፤ ኤም50ኤክስ ደግሞ የሚችለው ጥግ 1.6 ዋት ነው። ጥምጥሙ ይነዳል። ከሱ በፊት ግን ጆሮህ ይጎዳል። ሁለተኛው አደጋ የተደበቀ ነው። የሄድፎን ጃክ ሦስት መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ እና ሁለቱ የሚጋሩት መሬት። ዛሬ በየገበያው የሚገኙት ትንንሽ ዲጂታል አምፕ ቦርዶች ግን ብዙዎቹ የስፒከሩን ሁለቱንም ሽቦ በሲግናል ነው የሚነዱት፤ «ኔጌቲቩ» መሬት አይደለም። የግራና የቀኙን ኔጌቲቭ በጃኩ ላይ ስታጋጥማቸው ሁለት አምፕ አፍ ለአፍ ገጠሙ ማለት ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ቴፕና ራዲዮ መጠገን በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ዘመዴ ይህንኑ አደረግኩ። ጢስ የወጣው ከመብራቱ ቁልፍ ጋር እኩል ነበር። ቦርዱንም ሄድፎኑንም ተካሁለት፤ ዘመዴ እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ኤሌክትሪኩ ደህና ነው?» ይለኛል። አምፑ የፋብሪካ የሄድፎን ቀዳዳ ካለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ቮልዩሙን ዜሮ አድርገህ ሰክተህ ቀስ እያልክ መሞከር ትችላለህ።

ሄድፎን መምረጡ ላይ የሸዋ መልክዓ ምድር ራሱ ይገባበታል ብል አትሳቅ። ከጣርማ በር በላይ ያለነው፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ፣ ጆሮ የሚሸፍን ባለ ሌዘር ስፖንጅ ሄድፎን ጋቢ እንደ መደረብ ነው፤ ሰዓታት ብታደርገው አይሰለችህም። ያንኑ ሄድፎን ሸዋ ሮቢት ይዘኸው ውረድ፤ በሩብ ሰዓት ጆሮህ ላብ በላብ ይሆናል፣ ሌዘሩም በላቡ ቶሎ ይላጣል። እዚያ ላለ ሰው የምመክረው ጨርቅ ስፖንጅ ያለውን ነው። አንተ መሀል ላይ ነህ፤ ሁለቱም ያስኬድሃል። ስፖንጁ የሚቀየር መሆኑን ብቻ አረጋግጥ።

ክፍት ወይስ ዝግ የሚለው ይበልጣል። ክፍት ሄድፎን ጀርባው ወንፊት ነው፤ ድምፁ ከጭንቅላትህ ወጣ ብሎ ቤቱ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ክራርና ዋሽንት በሱ ሲሰሙ አየር ያገኛሉ። ግን የውጭውን ሁሉ ያስገባል፣ የውስጡንም ያወጣል፤ አጠገብህ የተኛ ሰው ዘፈንህን ይሰማል። ዝጉ ያፍናል፤ ግን ከውጭው ጫጫታ ያስጥልሃል። የደሴው አስፋልት ዳር ካለህ ሌሊቱን ሙሉ ከዳገቱ በሞተር ፍሬን እያጓራ የሚወርደውን ሲኖትራክ ታውቀዋለህ። በክፍት ሄድፎን እሱን ለመሸፈን ቮልዩም ትጨምራለህ፤ ያ መጨመር ነው ኋላ ጆሮ የሚጎዳው።

ከዚያ የምትሰማው ሙዚቃ አለ። አብዛኛው የድሮ ዘፈን ወደ ኮምፒውተር የገባው ከካሴት ነው፤ ያውም ከቅጂ ቅጂ። የካሴቱ ሹሹታ አብሮ ገብቷል። ትሬብሉ የተሳለ ሄድፎን፣ ለምሳሌ ዲቲ 990፣ ያንን ሹሹታ ፊት ለፊት ያቀርበዋል፤ «ስ» እና «ሽ» እንደ መርፌ ይወጋሉ። ለዘመናዊ ቅጂ የሚደነቅበት ባሕርይ ለካሴት ቅጂ መከራ ነው። በገና ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። የበገና ወፍራም ድምፅ ብቻውን አይመጣም፤ በየአውታሩ ሥር የምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ያንን እዝ የሚል ዝማሬ ትፈጥራለች። ታችኛው የቤዝ ነው፣ እዝታው ግን እስከ ላይኛው ድምፅ ድረስ ይዘረጋል። ቤዙ ያበጠ ሄድፎን አሥሩን አውታር አንድ ጉርምርምታ ያደርግብሃል፤ ቤዝ የሌለው ደግሞ በገናን ንብ ያስመስለዋል። ሱቅ ውስጥ ሄድፎን ስትሞክር ሻጩ የሚያጫውትልህን የክለብ ዘፈን ተውና በስልክህ የያዝከውን በገና ስማበት። እያንዳንዱ አውታር ሲነካ ለይተህ ከሰማኸው፣ ደርዳሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገርም ቃሉ ከገባህ፣ ያ ሄድፎን ላንተ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ የድሮ ቅጂ ላይ ዘፋኙ በአንድ ጆሮ፣ ባንዱ በሌላው ጆሮ ብቻ ቢመጣብህ ሄድፎኑ ተበላሸ ብለህ አትመልሰው። ቅጂው ነው። በስፒከር ሲሰማ አየሩ ስለሚቀላቅለው አይታወቅም። ዊንዶውስ ላይ በተደራሽነት ማስተካከያው ውስጥ ድምፁን ወደ ሞኖ የሚቀይር፣ ማለትም ለሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥ ቁልፍ አለ፤ ለነዚያ ዘፈኖች አብራው።

ስም ጥራ ካልከኝ፣ ሱቅህ አስፋልት ዳር ከሆነ ኤቲኤች ኤም40ኤክስ እላለሁ። ዝግ ነው፣ 35 ኦም ነው፣ በ1 ሚሊዋት 98 ዴሲቤል ይሰጣል፤ የትኛውም ኮምፒውተር ያነሳዋል። ከታዋቂው ወንድሙ ከኤም50ኤክስ ይልቅ ቤዙና ትሬብሉ የተረጋጋ ስለሆነ ለካሴት ቅጂ ይሻላል ባይ ነኝ። ቀን ላይ አንዱን ጆሮ አዙረህ «ኮፒ አለ?» የሚል ደንበኛ መስማት ትችላለህ። ገመዱ ይነቀላል፤ ከጠጋኝ ወገን ሆኜ የምወደው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ሄድፎን ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ገመዱ ከጃኩ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ነው። ማታ ጸጥ ባለ ጓሮ ቤት የምትሰማ ከሆነ ግን ቅድም ያነሳሁት ኬ240፣ ከፊል ክፍት ስለሆነ፣ ለክራር የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ቮልዩሙ ግን ከፍ ማለት እንደሚፈልግ ሒሳቡን አይተሃል። የሶኒ ኤምዲአር 7506ም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ስቱዲዮ ለስቱዲዮ የኖረ፣ 63 ኦም። ጠንካራ ነው፤ ትሬብሉ ግን ለሹሹታ አይምርም።

ዋጋ አልጽፍልህም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የጻፍኩት ዋጋ ሁሉ በወሩ አሳፍሮኛል።

እነዚህ ሄድፎኖች ሲታወቁ ኮፒያቸውም አብሮ ገበያ ገብቷል። መርካቶም ሆነ ከዱባይ በሚመጣ ሰው እጅ ስታገኘው ካርቶኑን አትመን፤ መዝነው። ኤም40ኤክስ ያለ ገመዱ 240 ግራም ነው፣ ኤም50ኤክስ 285፣ 7506 ደግሞ 230። ጎረቤትህ ያለች የቅመማ ቅመም ነጋዴ ዲጂታል ሚዛን ትበቃሃለች። ኮፒ ሠሪ መልኩን ይቀዳል እንጂ ለማግኔቱና ለብረቱ አይከፍልም። ክብደቱ ከልክ በላይ ከራቀ አትውሰድ።

አሁን ከኋላ ያለው አረንጓዴ ቀዳዳም ዝዝ ካለ፣ ወይ የውስጥ ኦሙ ትልቅ ሆኖ ከተገኘ፣ ያኔ ትንሽ ገንዘብ አውጣ። የሚያስፈልግህ ትልቅ ሳጥን አምፕ አይደለም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዳክ ነው። ዳክ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ክፍል ነው፤ ከኮምፒውተሩ ሆድ ውጭ ሲሆን ዘፈኑ ያንን ሁካታ በቁጥርነቱ ያልፈዋል፣ ድምፅ የሚሆነው ከወጣ በኋላ ነው። የአፕል ከዩኤስቢ ሲ ወደ ሄድፎን ጃክ የሚቀይረው ጣት የማታክል ገመድ ይህን ሥራ ከብዙ ርካሽ ሳውንድ ካርዶች በተሻለ ይሠራል፤ የውስጥ ኦሙ 1 ገደማ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በል። አንደኛ፣ ሁለት ዓይነት አለው፤ ኤ2049 የሚል ቁጥር ያለበት 1 ቮልት ይሰጣል፣ ለአውሮፓ የተሠራው ኤ2155 ግን ግማሽ ቮልት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ዴስክቶፕህ አሮጌ ከሆነ የሲ ቀዳዳ አይኖረውምና ወደ ትልቁ ዩኤስቢ የሚቀይር ማገናኛ ጨምርበት፤ ሰክተህም ከኋላ ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ አድርገው። ባለ 250 ኦሙን አንድ ቀን ከገዛህ እንደ ፊዮ ወይም ቶፒንግ ያሉት የሚሠሩትን፣ 2 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚያወጣ የዩኤስቢ ዳክ ከነአምፑ ትጨምራለህ። ከዚያ በላይ፣ የቱቦ አምፕ፣ የወርቅ ገመድ፣ ለኔ ጌጥ ነው። ብሉቱዝ ያልጠቀስኩት ረስቼው አይደለም፤ ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም ማይኩን በከፈተ ቁጥር ድምፁ ወደ ስልክ ጥራት ስለሚወርድ ገመድ ይሻልሃል።

ዊንዶውሱ ላይ «ኢንሃንስመንት» የሚባሉትን ማሳመሪያዎች ሁሉ አጥፋ። ጥራቱን 24 ቢት፣ 44,100 ወይም 48,000 ኸርዝ ላይ አድርገው፤ ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ለካሴት ቅጂ ምንም አይጨምርም። ሲዲ ራሱ 16 ቢት ሆኖ በለስላሳውና በጩኸቱ መካከል 96 ዴሲቤል ይይዛል፤ ካሴት ደግሞ ከ50 እስከ 60 ገደማ። ፋይሉ ላይ ግን አትሰስት። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ እየተጨመቀ እንደገና ሲጨመቅ የኖረ ዘፈን የትኛውም ሄድፎን አያድነውም፤ የዋሽንቱ ጫፍ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ትሬብሉ ከበዛብህ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንና ከ6,000 ኸርዝ በላይ 3 ዴሲቤል ቀንስ። ቤዝ ልጨምር ካልክ ግን የጨመርከውን ያህል ጠቅላላውን ቮልዩም እዚያው ላይ ቀንስ፤ አለዚያ ድምፁ ጣሪያ ነክቶ ይሰነጠቃል።

ጆሮህን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። 3 ዴሲቤል በጨመርክ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ሃያ ሰዓት፣ በ86 አሥር፣ በ89 አምስት ብቻ። አምፕ ገዝተህ ቢሆን ኖሮ ይህን ወሰን ሳታውቀው ታልፈው ነበር።

እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ ብር ከመላክህ በፊት ሦስት ነገር አድርገህ ጻፍልኝ፤ ከኋላው ቀዳዳ ላይ ዝዝታው ጠፋ ወይስ አልጠፋም፣ ብረቱ ይነዝራል ወይ፣ ሬዚስተሩ ከመግባቱ በፊትና በኋላ መልቲሜትሩ ያነበባቸው ሁለት ቁጥሮች ስንት ስንት ናቸው። በነሱ ላይ ተነስቼ ዳኩ ያስፈልግሃል ወይስ አያስፈልግህም በአንድ መስመር እመልስልሃለሁ።